የዱሩ ፖም ውለታ

በየሱፐርማርኬቱ መደርደሪያና በየጭማቂ ቤቱ መስኮት ላይ ተከምሮ የምታዩት ያ አረንጓዴ ፖም ስም አለው። «ግራኒ ስሚዝ» ይባላል። ግራኒ አያት ማለት ስለሆነ እኛ «እማማ ስሚዝ» ብንለው ያስኬዳል። የፋብሪካ ስም እንዳይመስላችሁ። ማሪያ አን ስሚዝ የሚባሉ፣ ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ የተሰደዱ ገበሬ ነበሩ። በ1868 አካባቢ (ነገሩ የውጭ አገር ስለሚበዛበት ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሲድኒ ከተማ አጠገብ በነበረው እርሻቸው ውስጥ ማንም አስቦ ያልተከላት አንዲት የፖም ችግኝ በቅላ ተገኘች። አድጋ አፈራች። ፍሬዋ አረንጓዴ፣ ጠጣርና ኮምጠጥ ያለ ሆነ። እማማ ስሚዝ በ1870 አረፉ። ዛፏ ግን እነሆ እስከ ዛሬ አለች።

የት? ብትሉኝ፣ በቺሊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በአሜሪካ። በዓለም ላይ ያለ የግራኒ ስሚዝ ዛፍ ሁሉ ከዚያች አንዲት ዛፍ፣ ወይም ከእሷ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ተቆርጦ የበቀለ ነው። የልጅ ልጆቿ አይደሉም፤ አካሏ ናቸው። ባለቤቷ ከሞቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ያቺው አንዲት ዛፍ አምስት አህጉር ላይ ቆማ ታፈራለች።

«ለምን በዘር አይተክሏትም?» ትሉ ይሆናል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የፖም ዘር እናቱን አይመስልም። የፖም አበባ ባብዛኛው የራሱን ብናኝ አይቀበልም፤ ንብ ከሌላ ዓይነት ዛፍ ካላመጣችለት በቅጡ ፍሬ አይይዝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘር የሁለት የተለያዩ ዛፎች ልጅ ነው። አንድ ፖም ሰንጥቃችሁ አምስት ዘር ብታገኙ፣ አምስት የማይመሳሰሉ ወንድማማቾች አገኛችሁ ማለት ነው። ብትተክሏቸው ከስድስት፣ ከሰባት፣ ካልሆነም ከአሥር ዓመት ጥበቃ በኋላ አንዱ መራራ፣ አንዱ ጎምዛዛ፣ አንዱ የዋንዛ ፍሬ የሚያህል ነገር ያፈራሉ። እንደ እማማ ስሚዝ ያለ ዕድል ከስንት አንዴ ቢገጥም ነው። ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከ2,300 ዓመት በፊት ይህንኑ ጽፏል፤ ከዘር የበቀለ ዛፍ ከእናቱ አንሶ ይገኛል ሲል።

መፍትሔውም ያን ጊዜውኑ ይታወቅ ነበር። ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዘመን ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አሠራሩን አስቀምጦታል። ከምትወዱት ዛፍ እርሳስ የሚያህል ቀንበጥ ትቆርጣላችሁ። ሥሩ መሬት የያዘ ሌላ ወጣት ፖም ፈልጋችሁ ግንዱን ትቆርጡና ትሰነጥቁታላችሁ። ቀንበጡን እንደ ሽብልቅ ጠርባችሁ ስንጥቁ ውስጥ ትሰኩታላችሁ፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለችው የአንዱ አረንጓዴ ሽፋን ከሌላው አረንጓዴ ሽፋን ጋር መግጠም አለባት። ከዚያ ታስሩታላችሁ፤ አየርና ውሃ እንዳይገባም ትለስኑታላችሁ። ቁስል ከቁስል ጋር ይሽራል። ከጠባሳው በላይ አንድ ዛፍ፣ ከጠባሳው በታች ሌላ ዛፍ ይሆናል። የግብርና ባለሙያዎቻችን «ግራፍቲንግ» ይሉታል፤ እኔ ለጨዋታችን «ማጣበቅ» እለዋለሁ።

እንግዲህ የላይኛው ዛፍ ስም አለው፣ ዋጋ አለው፣ በኪሎ ይሸጣል። የታችኛውስ ማን ነው? የዛሬው ጉዳዬ ከእሱ ጋር ነው።

ለብዙ መቶ ዘመን የታችኛው የዱር ፖም ነበር። እንግሊዞቹ «ክራብ አፕል» ይሉታል። ባለሙያዎች ፍሬው ወርዱ ከ5 ሴንቲሜትር ካልበለጠ ክራብ አፕል፣ ከበለጠ ፖም እያሉ ይለዩታል። በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ዓይነት አለው። ጥሬውን የነከሰ ሰው ፊቱን አጨማዶ ይተፋዋል። ቀቅለው አጥርተው ከስኳር ጋር ሲያፈሉት ግን ያለ ምንም ማርጊያ የሚረጋ ደማቅ ማርማላታ ይወጣዋል። የበረዶው ወራት አልፎ ሲያብብ ዛፉ ከቅጠል ይልቅ አበባ ይሆናል፤ በዚህም የተነሳ በቻይናም፣ በጃፓንም፣ በአሜሪካም ለውበቱ ብቻ በየግቢውና በየመንገዱ ዳር የሚተክሉት ብዙ ናቸው።

አተካከሉና አያያዙ የራሱ ወግ አለው። ዘሩን ደረቁን ብትዘሩት አይበቅልም። እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሆኖ፣ ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ሦስት ወር ያህል መቆየት አለበት፤ የበረዶው ወራት ማለፉን ካላመነ አይነቃም። አድጎም ያው ነው። በየዓመቱ ቅጠሉን አራግፎ፣ ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ለብዙ መቶ ሰዓታት ካልተኛ በወጉ አያብብም። ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝበትና ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይፈልጋል። ጉድጓዱ ስፋቱ የሥሩን እጥፍ ይሁን፣ ጥልቀቱ ግን ከሥሩ አይብለጥ። ተጣብቆ የመጣ ችግኝ ከሆነ ጠባሳው ከአፈር በላይ መቅረት አለበት፤ ከተቀበረ የላይኛው ዛፍ የራሱን ሥር ያወጣና የታችኛው ሥራ ከንቱ ይቀራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ውሃ አይለየው። ሥሩ ዙሪያ ጉዝጓዝ ይደረግለት፣ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ፤ አይጥ ተደብቆ ቅርፊቱን ይበላዋል። የሚገረዘው ተኝቶ ሳለ ነው፤ የሞተው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ቅርንጫፍ ይወገዳል። እሳት የለበለበው አስመስሎ የሚያጠቁር በሽታ አለ፤ እሱ ሲይዘው ከታመመው ክፍል 20 እና 30 ሴንቲሜትር ወርዶ ጤነኛው ላይ መቁረጥ፣ መቁረጫውንም በየጊዜው በአልኮል መጥረግ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ሥራ ነው። የታችኛው ዛፍ አልሞተም፣ ሕይወት አለው። ስለዚህ ከጠባሳው በታች፣ ከሥሩም አካባቢ፣ የራሱን ቀንበጥ ይሰዳል። አትክልተኛው አይቶ ዝም ካለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዱሩ አይሎ የላይኛውን ያቀጭጨዋል። ስለዚህ ብቅ ባለ ቁጥር ይቆረጣል። ውሃውን አንተ ቅዳ፣ ንፋሱን አንተ ቻል፣ ማበብ ግን የእኛ ነው ይሉታል። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ፎቅ ቤት፣ ስንት የተማረ ልጅ፣ ስንት የተከበረ ስም እንዲህ ባለ የታችኛ ግንድ ላይ ቆሟል! ገጠር የቀረችው እህት፣ ከጓዳ ያልወጣችው አክስት፣ ለወንድሙ ብሎ ትምህርቱን ያቋረጠው ታላቅ። ነገሬ ስለ ዛፍ ነውና እዚህ ላይ ልግታው።

ይህ ዛፍ ከወዴት መጣ? በ1793 ዮሐን ዚቨርስ የሚባል፣ ለሩሲያ መንግሥት የሚሠራ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ለመድኃኒት የሚሆን ሥር ፍለጋ ወደ መካከለኛው እስያ ተጉዞ ነበር። ዛሬ ካዛክስታን በምትባለው አገር ተራሮች ላይ እንደ ጫካ የበቀለ ፖም አየ። ያ የዱር ፖም በኋላ በእሱ ስም ተጠራ። ከሌሎቹ የዱር ፖሞች የሚለየው አንዳንዱ ዛፍ ትልቅና ጣፋጭ ፍሬ ማፍራቱ ነው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ የሚጣፍጥ፣ አንዱ አፍ የሚያስር፤ አንዱ ሲታመም ጎረቤቱ ጤነኛ። ድቦች ትልልቁንና ጣፋጩን እየመረጡ በልተው ዘሩን በየሸለቆው በመጣላቸው ፍሬው እንዲህ አደገ ብለው የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ። ቀጥሎ ፈረሰኛውና ነጋዴው ወረሱት። በሐር መንገድ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ በየደረሰበት ከአካባቢው የዱር ፖም ጋር ተዳቀለ። በ2012 የታተመ የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው፣ የዛሬው ፖም ውስጥ ያ ጎምዛዛ የአውሮፓ ክራብ አፕል ድርሻው እጅግ ከፍተኛ ነው። ማለትም የዱሩ ፖም ከታች ተሸካሚ ብቻ አልነበረም፤ የሥጋ ዘመድም ነው።

የዚያ ጫካ ጎረቤት የሆነችው ከተማ ስሟ አልማቲ ነው። በካዛኮቹ ቋንቋ «አልማ» ፖም ነው። ሩሲያውያን በ1854 ምሽግ ሲቆረቁሩ ቬርኒ ብለዋት ነበር፤ በ1921 አልማ አታ ተባለች፤ እስከ 1997 የካዛክስታን ዋና ከተማ ሆና ቆየች። ሰፋሪዎቹ ከሩሲያ «አፖርት» የሚባል ፖም አምጥተው ከተራራው የዱር ፖም ጋር ሲያጣብቁት፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ፍሬ ሰጣቸው እየተባለ ዝናው ናኘ። ዝናው ለአፖርት ነው እንጂ ከታች ላለው አልነበረም።

የዱሩ ፖም ውለታ በዚህ አያበቃም። ብዙ የፖም እርሻዎች ረድፉ መሃል ክራብ አፕል ይተክላሉ፤ አበባው ብዙ ስለሆነና ቶሎ ስለማይረግፍ ለሌሎቹ ብናኝ ያቀብላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመድኃኒትነቱ ታሪክ ነው። ፖምን በዓለም ዙሪያ የሚያሰቃይ የሻጋታ በሽታ አለ፤ ፍሬውንና ቅጠሉን እንደ እከክ ያቆስለዋል። ዝናብ በሚበዛበት አገር ገበሬው ለዚህ በሽታ ሲል በአንድ የምርት ዘመን ከአሥር ጊዜ በላይ መድኃኒት ይረጫል። በ1914 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ክራንዳል የሚባል ሰው ከጃፓን የመጣ፣ ለአበባው ብቻ የሚተከል ክራብ አፕል ከታወቀ የገበታ ፖም ጋር አዳቀለ። ክራንዳል እከኩን እያሰበ አልነበረም። ልጆቹ ዛፎች ከዓመታት በኋላ፣ በ1940ዎቹ፣ ሌላው ሁሉ በእከክ ሲቆስል ጥቂቶቹ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ፍሬያቸው የጥፍር ያህል ቢሆንም ተመራማሪዎች ደጋግመው እያዳቀሉ አሳደጉት። በ1970 «ፕሪማ» የተባለ፣ እከክ የማይዘው ፖም ለገበሬ ቀረበ። ለጌጥ የቆመ፣ ማንም የማይበላው ዛፍ ያዳነው ነገር ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን። ግን ሻጋታውም አልተኛም። ከጥቂት አሠርት ዓመታት በኋላ ያንን መከላከያ ሰብሮ የሚገባ አዲስ ዘር አወጣ። አሁን ሌላ መከላከያ፣ ሌላ የዱር ዘመድ መፈለግ ግድ ሆነ። ነገ ደግሞ ሌላ። ስለዚህ አንድ የዱር ዛፍ መዝግቦ ማስቀመጥ አይበቃም። የሚያስፈልገው ጫካው ነው፤ ከነመራራው፣ ከነጎምዛዛው፣ ምን እንደሚጠቅም ገና ካልታወቀው ጋር።

ይህንን ከብዙዎች ቀድሞ ያየ ሰው ነበር፤ እኛም አገር መጥቷል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ቫቪሎቭ አንድ ሰብል መጀመሪያ ከዱር የወጣበት አካባቢ ብዙ ዓይነት ዘር የሚገኝበት ነው ብሎ ያምን ነበር። ያንን ብዛት ፍለጋ ዓለምን ዞረ። በ1927፣ በእኛ በ1919 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አዲስ አበባ ገብቶ ራስ ተፈሪን አነጋገረ፤ ከዚያም በበቅሎ ሰሜኑን አቋርጦ እስከ ኤርትራ ዘለቀ። ከ6,000 በላይ ናሙና ሰብስቦ ተመለሰ፤ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ጤፉ። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መነሻዎች አንዷ ብሎ መዘገባት። የእኛ ገበሬ ማሳ ላይ ያየው ብዛት አስደንቆታል። በ1929 ደግሞ አልማ አታ ሄደ። ከከተማዋ በላይ ያሉትን ተራሮች ሲያይ የፖም መነሻ እዚህ አካባቢ ነው ሲል ደመደመ። ከሰማንያ ዓመት በኋላ የዘረ መል ምርመራ የመጣው ቃሉን ለማጽናት ነው።

የቫቪሎቭ መጨረሻ አያምርም። ስታሊን ዘንድ ተሰሚነት ያገኘው ሊሴንኮ የዘር ሳይንስን የቡርዣ ተረት አድርጎ አስኮነነው። ቫቪሎቭ በነሐሴ 1940 ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ ዘር እየሰበሰበ ሳለ ተያዘ። ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ ሃያ ዓመት እስራት ዝቅ አለለት። በጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞተ። የዓለምን እህል በየዓይነቱ የሰበሰበ ሰው!

ያን ጊዜ የሰበሰበው ዘር ያለባት ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ወደ 900 ቀን የሚጠጋ ነው። ከተማው እንጀራ ሙጫውንና ቀበቶውን ቀቅሎ ሲበላ፣ የቫቪሎቭ ተቋም ሠራተኞች ግን በሩዝ፣ በስንዴ፣ በኦቾሎኒ ከረጢት መሃል ተቀምጠው ዘሩን ከአይጥም ከሰውም ይጠብቁ ነበር። የሩዙ ጠባቂ ዲሚትሪ ኢቫኖቭ በብዙ ሺህ የሩዝ እሽግ ተከቦ በረሃብ ሞተ። የኦቾሎኒው ጠባቂ አሌክሳንደር ሽቹኪን እዚያው ሥራው ላይ ሞተ። ሌሎችም ተከተሉ። እኛ አገርም ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በክፉ ቀን ላለመብላት ስንት እንደሚታገል ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ፖም ግን በከረጢት አይጠበቅም። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ዘሩ እናቱን አይመስልም፤ እናቲቱን መጠበቅ ካስፈለገ ዛፏ ራሷ ቆማ መኖር አለባት፣ መሬት ትፈልጋለች። መሬት ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ በ1926 የተመሠረተው የፓቭሎቭስክ ጣቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ የፍራፍሬ ዓይነቶችን በቁማቸው የያዘ ነው። በሂትለር ዘመን የጠፋውን ያህል ባይሆንም በ2010 ሌላ አደጋ መጣበት፤ መሬቱ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ሊሰጥ ተወሰነ። የዓለም ሳይንቲስቶች ጮኸው ነው ዕቅዱ የተገታው።

የካዛክስታኑ ጫካ እንኳ ያን ያህል ጯሂ አላገኘም። ከሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከተማው ተስፋፋ፣ የሀብታም የመዝናኛ ቤት ተሠራበት፣ ከብት ተለቀቀበት፣ ለእርሻ ተመነጠረ። ከ70 በመቶ በላይ ጠፍቷል ብለው የሚገምቱ አሉ። የተረፈውም ከአጠገቡ ከተተከለው የገበያ ፖም ብናኝ እየመጣበት ደሙ እየተቀየጠ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2007 የዱሩን ፖም ለጥፋት የተጋለጠ ሲል መዘገበው። አይማክ ጃንጋሊየቭ የሚባሉ ካዛካዊ ሳይንቲስት ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህንን ጫካ ሲያጠኑና ሲሟገቱለት ኖረው በ2009 አረፉ። ሶቪየት ኅብረት ልትፈርስ ጥቂት ሲቀራት፣ በ1989፣ አሜሪካውያን ባለሙያዎችን ተቀብለው ጫካውን አሳዩ። እንግዶቹ ደጋግመው እየመጡ ዘርና ቀንበጥ ወሰዱ፤ ዛሬ የአልማቲ ተራሮች ልጆች ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በረድፍ ተተክለው በሽታ የሚችለው እየተለየ ነው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ይላል የአገሬ ሰው። እዚህ ላይ ግን የሚገርመው ሞፈር ቆራጩ አይደለም፤ ደጃፉን ራሱ የሚመነጥረው ባለቤት ነው።

አሁን «እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ፖማችን ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ካልሆነም ከጨንቻ ነው። እውነት ነው፤ በ1950ዎቹ ሚስዮናውያን ጋሞ ደጋ ላይ ያስገቡት ፖም ዛሬ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። የጨንቻ ገበሬ ከፍራፍሬው እኩል የተጣበቀ ችግኝ ይሸጣል፤ ጠባሳው የት እንደሚያርፍ፣ ከሥር የሚወጣው ቀንበጥ ለምን እንደሚቆረጥ ከእኔ በላይ ያውቃል። እኔ ግን ይህንን ሁሉ ያወራሁት ለፖም አይደለም። ለቡና ነው።

የፖምን ታሪክ አንሥታችሁ በቡና ብትተኩት ቃል በቃል ይገጥማል። በ1706 አንዲት የቡና ችግኝ ከጃቫ ደሴት ወደ አምስተርዳም ተወሰደች። ከእሷ ዘር አንዷ በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ተሰጠች። ላቲን አሜሪካን የሸፈነው የአረቢካ ቡና አብዛኛው ከጥቂት ዛፎች ዘር የወረደ ነው። እንደ እማማ ስሚዝ ዛፍ ማለት ነው፤ ብዛቱ ሚሊዮን፣ መነሻው ጣት የማይሞላ። አንድ በሽታ ቢገባ አንዱን የጣለ ሁሉንም ይጥላል። ጫካው ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ ከፋ፣ ኢሉባቦር፣ ባሌ።

ጫካው ምን እንደሚሠራም በዓይናችን አይተናል። በኬንያ በ1922 የታወቀው፣ የቡናን እሸት የሚያጠቁረው በሽታ በ1971 (በእኛ 1963 ዓ.ም.) ኢትዮጵያ ገባ። ገበሬው ዓይኑ እያየ ፍሬው እየጠቆረ ረገፈ። የጅማ ተመራማሪዎች በቡና አምራች ቀበሌዎች እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠቁር ያልጠቆረ ዛፍ ይፈልጉ ጀመር። በ1974 መቱ አካባቢ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ አንዲት እናት ዛፍ ተመረጠች፤ የዓመቱን ቁጥር አስቀድመው 74110 አሏት። ስም እንኳ የላትም፣ ቁጥር ነች። ዛሬ ይህ ቁጥር በዓለም ታላላቅ የቡና ቆይዎች ማሸጊያ ላይ ይጻፋል። ገብሳችንም እንዲሁ ነው፤ ከኢትዮጵያ በተወሰደ ገብስ ውስጥ የተገኘ መከላከያ የካሊፎርኒያን ገብስ ከሚያቢጫው በሽታ ታድጎታል።

የቡና ዘርም እንደ ስንዴ ደርቆ ብዙ ዓመት አይቀመጥም፤ እሱም በቁሙ ነው የሚጠበቀው። በጅማ አካባቢ ጮጬ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ዓይነቶች ተተክለው የቆሙት ለዚህ ነው። የዘር ማዕከላችን በ1976 በጀርመኖች እርዳታ ተቋቁሟል። ኃላፊው የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በቢሮ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ መጠበቅ አለበት ብለው የሠሩ ናቸው፤ በ1989 «የአማራጩ ኖቤል» የሚባለው ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ግን ማዕከልና ሽልማት ጫካን አይተካም። የተተከለ ዛፍ የተመዘገበበትን ቀን ይዞ ይቆማል፤ ጫካ ግን ከበሽታው ጋር እየታገለ አብሮ ይለወጣል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። መጽሐፍ ቅዱሳችንን ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት መኃልየ መኃልይ ላይ ሲደርሱ፣ ሌሎች ቋንቋዎች ፖም የሚሉትን ዛፍ «እንኮይ» አሉት። እንኮይ የቆላ እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ቢጫና ጎምዛዛ፣ እረኞች የሚለቅሙት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህንን የሚያነሡ ተማሪዎች ስህተት ነው ይሉ ነበር። እኔ ግን መልካም ምርጫ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ፖም የሌለበት አገር ሰው ስለ ፖም ሲጠየቅ ወደ ሱቅ አልሄደም፤ ወደ ዱር ሄዶ፣ እረኛው የሚያውቀውን ጎምዛዛ ፍሬ አመጣ። ያ ሰው ከዱሩ ጋር ገና አልተቆራረጠም ነበር። አሁን ከተማ ከተወለዱት ልጆቻችን ስንቱ እንኮይን አይቶ ያውቃል?

የከፋ ጫካ በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ መመዝገቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዛፍ የሚቆርጠው ሰው መዝገብ አያነብም። የሚያየው የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ ነው፣ ቡናው የወደቀበትን ዋጋ ነው፣ በጎረቤቱ ማሳ ላይ የቆመውን ባሕር ዛፍና ጫት ነው። ጫካውን ይዞ ለኖረው ገበሬ ጫካውን በመያዙ ብቻ የሚደርሰው ነገር ከሌለ፣ ስለ ዘረ መል ሀብት የምናወራው ወሬ ከጠባሳው በላይ ያለ ወሬ ነው። ከታች ያለው ሲሸከም ኖሯል፤ አሁን ደክሞታል። ኢሉባቦር ውስጥ፣ ቁጥር ያልተሰጣት፣ ነገ ለሚመጣው በሽታ መድኃኒቱን የያዘች አንዲት ቡና ዛሬም ጥላ ሥር ቆማ ይሆናል። የማን እንደሆነች፣ ለማንስ እንደምትጠቅም ሳናውቅ መጥረቢያው ቀድሞ እንዳይደርስባት ነው ፍርሃቴ።